ከበርሜሉ እስከ ኩሬው

መርሳ፣ እሑድ ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

የጥምቀት ትምህርቱን እንዳስተምር ዛሬ ተወሰነ። በመጨረሻ! አራት ዓመት ሙሉ ወንጌላዊ ያሬድ ሲያስተምረው ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ጥርሴን ነክሻለሁ። ልጁ መልካም ሰው ነው፤ አልክድም። ግን «ዋናው ልብ ነው» ብሎ ይጀምርና «ዋናው ልብ ነው» ብሎ ይጨርሳል፤ መሐሉ ባዶ ነው። ሲሪንቃ፣ በምርምር ማዕከሉ፣ ከኔ ሥር ያለ የመስኖ ተመራማሪ እንዲህ ያለ ሪፖርት ቢያመጣ በቀይ እስክሪብቶ ሰርዤ እመልስለታለሁ።

ዘጠኝ ሰዎች ተመዝግበዋል። ስድስት እሑድ ትምህርት፤ በሰባተኛው፣ የካቲት 9፣ ጥምቀት። አንድ ቀን የቀረ አይጠመቅም የሚል ደንብ አወጣሁ። ያሬድ «እሺ፣ ጋሽ ፍቅሩ» አለ። ፈገግታውን አልወደድኩትም።

ባለቤቴ በላይነሽ «በሃምሳ ስድስት ዓመትህ ከበረት የተፈታ ወይፈን መሰልክ» አለችኝ። እውነቷን ነው። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ መቀመጥ አልቻልኩም።

እሑድ ታኅሣሥ 27

የመጀመሪያው ትምህርት። ግሩም ነበር!

ሰሌዳው ላይ ሁለት ጥያቄ ብቻ ጻፍኩ፦ ማን ይጠመቃል? እንዴት ይጠመቃል? ማን? አምኖ በገዛ አፉ የመሰከረ። እንዴት? መላ ሰውነቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ። ከዚያ የኛን ሰው ጠራሁላቸው፣ ጃንደረባውን። በምድረ በዳ በሠረገላ የሚጓዝ ሹም የሚጠጣው ውሃ አልያዘም? ይዟል። ጠብታ የሚበቃ ቢሆን ኖሮ ፊልጶስ እዚያው ኮዳውን ያነሣ ነበር። ግን ሠረገላው ቆመ፤ ሁለቱም ወደ ውሃው ወረዱ። ሁለቱም! ደግሞ መጀመሪያ ያነበበው፣ የጠየቀው፣ ያመነው እሱ ራሱ ነው። ማንም አልጠየቀለትም።

ጥምቀት አያድንም፤ የዳነ ሰው ይጠመቃል። ውሃው መቃብር ነው። «ሬሳ ላይ እፍኝ አፈር በትናችሁ ቀበርን ትላላችሁ?» አልኳቸው። ሳቁ፤ ወዲያው ደግሞ አንገታቸውን ደፉ። ከጦርነቱ ወዲህ እዚህ አገር ቀብር የማያውቅ ሰው የለም።

እማማ አበበች እጃቸውን አነሡ። ገበያ ላይ ቅመም የሚሸጡት ናቸው፤ ስድሳ ስድስት ዓመታቸው ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ወልድያ በጠና ታመው ተኝተው ሳለ አንድ ሊጠይቃቸው የመጣ ወንጌላዊ አንድ ብርጭቆ ውሃ ግንባራቸው ላይ አፍስሶ አጥምቋቸዋል።

«አምኜ ነበርኮ፣ ጌታዬ» አሉ። «መነሣት ብቻ ነው ያቃተኝ። እሱ አይበቃኝም?»

«አይበቃም» አልኳቸው። «ያኔ መነሣት አይችሉም ነበር፤ አሁን ይችላሉ።»

ያሬድ «እህ፣ እህ» ብሎ ሳለ። ይሳል። ርኅራኄ ማለት ትክክለኛውን ነገር ለሰው አለመንፈግ ነው።

ማክሰኞ ታኅሣሥ 29፣ ገና

መንገዱ ለዛሬ ክፍት ነበር። ጉባ ላፍቶ፣ እናቴ ዘንድ ዋልኩ። ሰማንያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ምላሷ ግን አንድም ቀን አላረጀም።

«ጥምቀት ታስተምራለህ አሉኝ። ምኑን ነው የምታስተምረው? አንተን እንደሆነ ሦስት ጊዜ ነው ያጠለቁህ። ጩኸትህ ከክርስትና ቤቱ አልፎ ውጭ ቆሜ ይሰማኝ ነበር።»

«ማጥለቁ ልክ ነው፣ እማዬ። እኛም እናጠልቃለን። ግን አርባ ቀኔ ነበር። አላመንኩም።»

«የክርስትና አባትህ አመነልህ። ሰይጣንንም ካደልህ።»

«ሰው ለሰው ማመን ይችላል? የክርስትና አባቴ ለኔ ሊበላልኝ ይችላል?»

«እሱስ እንጃ» አለች። «እኔ ግን ያኔ እበላልህ ነበር። ጡት ሆኖ ደርሶሃል።»

እህቶቼ እስኪያነቡ ሳቁብኝ። ወደ መርሳ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ሦስት መልስ አገኘሁ፤ ሦስቱም ጠንካራ ናቸው፤ የሚሰማኝ ግን አልነበረም።

ውሃውን በሚመለከት እሷ ትክክል ናት። ውሃው ሙሉ ነበር። እምነት አልነበረም እንጂ። እምነቱ ሲመጣ ደግሞ…

ይህን እዚህ መጻፍ አያስፈልግም።

ዓርብ ጥር 2

ወንዙ አይሆንም። ሥራ ሳልገባ ከያሬድ ጋር ወርጄ ለካሁ። ጥልቁ መታጠፊያ ክረምት በመጣ አሸዋ ተደፍኗል። ከፍተኛው አርባ ሁለት ሳንቲሜትር። እዚህ ውስጥ የሚጠልቀው ሕፃን ብቻ ነው፤ ሕፃን ደግሞ አናጠምቅም! የጸሎት ቤታችን የማጥመቂያ ገንዳ በጦርነቱ ጊዜ ጠፍቷል።

ያሬድ «ካልሆነ ዘንድሮን እያንበረከክን በጣሳ ብናፈስላቸውስ?» አለኝ።

ጮኽኩበት። ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ቀና ብለው እስኪያዩን። ከስንት ዕቃ መሐል ለምን ጣሳን መረጠ?

እሑድ ጥር 4

ሁለተኛው ትምህርት። ዘጠኙም ተገኝተዋል። ጥያቄያቸው እየጠነከረ ነው፤ ደስ ይለኛል!

ሲወጡ እማማ አበበች ቀሩ። ሰባት ዓመታቸው ሳለ፣ ጎርፍ በመጣበት ቀን፣ ታናሽ ወንድማቸውን እጁን ይዘው ወንዝ ሲሻገሩ ውሃው ወሰደው። እሳቸውን ሰዎች በልብሳቸው ጎትተው አወጧቸው። ከዚያ ወዲህ ፊታቸው ላይ ውሃ አፍስሰው አያውቁም፤ በእርጥብ ጨርቅ ነው የሚያብሱት። ስድሳ ዓመት ሊሞላው ነው።

«አይበቃም ካሉ አይበቃም። እገባለሁ» አሉኝ። «ግን አንድ ነገር ይንገሩኝ። እርስዎ ሲጠልቁ ዓይንዎን ጨፈኑ ወይስ ገለጡ? ውስጡስ ምን ይመስላል? ልዘጋጅበት።»

ነገርኳቸው። ዓይን እንደሚጨፈን። ውሃው ጆሮ ላይ ሲገጥም የዓለም ድምፅ ሁሉ እንደሚቆም። ጸጥ እንደሚል፤ አንድም ነገር እንደማያስፈራ። አሳምሬ ነገርኳቸው። እንባቸውን ጠርገው «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ሄዱ።

የፈራን ሰው ማበረታታት ነውር አይደለም።

ረቡዕ ጥር 7

ውሃ ተገኘ! ተገኘ! ተገኘ!

አብዱልሐሊም! ቀድሞ እንዴት አላሰብኩትም? ከስድስት ዓመት በፊት ፕላስቲክ የለበሰውን የመስኖ ኩሬውን የነደፍኩለት እኔው ነኝ። ስምንት በስምንት፣ ሲሞላ አንድ ሜትር ከአርባ። ከሥራ ስወጣ ማሳው ድረስ ሄድኩ። ሽንኩርቱን ሲኮተኩት አገኘሁት።

«ዘጠኝ ሰው ነው? ዘጠና አታደርገውም!» አለ። «ውሃው እንደሆነ ወጥቶ ሽንኩርት ነው የሚጠጣው። ግን አስረዳኝ። ኃጢአታችሁን ልታጥቡበት ነው?»

«አይደለም። ያመነ ሰው ሞቼ ተቀበርኩ፣ ተነሣሁ ብሎ የሚመሰክርበት ነው። ለሕፃን አንሰጥም። ራስ ላይ በማፍሰስም አይሆንም።»

መኮትኮቻውን ተደግፎ አሰበበት። «እንግዲያው ኒያው፣ የልብ ሐሳቡ፣ ይቀድማል፤ ውሃው ይከተላል። ይሄማ ለኛ እንግዳ አይደለም። ያለ ኒያ ትጥበት ምኑ ትጥበት ነው? በጉስል፣ መላ ሰውነት በሚታጠብበት፣ ደግሞ አንዲት የጸጉር ሥር ደርቃ ከቀረች ትጥበቱ አልሞላም። ያንን ደረቅ ቦታ ውሃ ታደርስበታለህ።»

«የኛ ከትጥበት ይለያል» አልኩት፤ ልዩነቱንም በዝርዝር አስረዳሁት። በትዕግሥት ሰማኝ።

«ገባኝ» አለ። «ግን ደረቅ ቦታ ቀርቶበት እያወቀ ዝም ያለ ሰው እናንተ ዘንድ ምን ይባላል?»

ጨዋታ ለመጫወት ብሎ ነው። የሚያውቀው ነገር የለም። ሊያውቅም አይችልም።

እሑድ ጥር 11፣ ጥምቀት

ከተማው በሙሉ ወጥቷል። ታቦታቱ ከጥምቀተ ባሕሩ ሲመለሱ ለማየት ቆምኩ። ጎረምሶቹ ከነልብሳቸው ገንዳው ውስጥ እየዘለሉ ይገባሉ፤ ይወጣሉ፤ ደግመው ይገባሉ። ሥርዓቱን በሚመለከት የምናገረው ብዙ ነው፤ ሆኖም ውሃን እንዲህ የሚወድ ሕዝብ ጠብታ ይበቃል የሚሉትን እንዴት ሊሰማ ይችላል? ተናድጄም ተደስቼም ወደ ትምህርቱ ሄድኩ።

በሩ ላይ ስደርስ የእማማ አበበች ድምፅ። ለሌሎቹ እያወሩ ነው።

«ምንም አትፍሩ። ጋሽ ፍቅሩ ገብተው አይተውታል። ጆሮ ላይ ሲገጥም ጸጥ ይላል አሉኝ። አንድም ነገር አያስፈራም። ያየ ሰው ነው የነገረኝ።»

ትምህርቱን በሃያ ደቂቃ ጨረስኩ። ጥያቄም አልተቀበልኩም።

ረቡዕ ጥር 14

በሥራ ሰዓት ነው የምጽፈው፤ ቢሮውን ዘግቼ። እንዲህ ነው።

1981 ዓ.ም.፣ አለማያ ዩኒቨርሲቲ። ሃያ ዓመቴ ነበር። ከግቢው ውጭ በተከራየነው ክፍል አምስት ተማሪዎች ልንጠመቅ ተሰብስበናል። ያኔ እንዲህ መሰብሰብ ያሳስራል። ሌላው ተማሪ ለሰልፍ የወጣበትን ቀን መርጠን ነው። ውሃ ጠፍቶ ስለሰነበተ በርሜሉ እስከ ግማሹ አልሞላም። አራቱ እየተኮራመቱ ራሳቸውን ደፍተው ጠለቁ። መጨረሻ የኔ ተራ ሆነ። ቁመቴ ረጅም ነው። ጉልበቴ ገባ፤ ወገቤ ገባ። በሩ ተንኳኳ። የሚያጠምቀን ወንድም ጣሳ አነሣና ራሴ ላይ አፈሰሰ፤ «በቃ፣ በቃ፣ ውጣ» አለኝ።

የመጣችው አከራያችን ነበረች። ወንፊት ፈልጋ።

ማንም ተመልሶ ይደገም አላለም። እኔም አላልኩም። አራቱ ተቃቅፈው እያለቀሱ ነበር፤ ደስታቸውን ማበላሸት አልፈለግሁም። ከዚያ በኋላ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ «በርሜል ውስጥ ተጠመቅሁ» ስል ኖርኩ። ውሸት አይደለም። በርሜል ውስጥ ነበርኩ።

ሒሳቡ ይኸው። በአርባ ቀኔ ሙሉ ውሃ፣ እምነት የሌለበት። በሃያ ዓመቴ ሙሉ እምነት፣ ውሃው የጎደለበት። ሁለት ግማሾች። ሁለት ግማሽ አንድ ይሆናል የሚል ተማሪ ቢመጣብኝ ምን እንደምመልስለት አውቃለሁ። እማማ አበበችን መልሼላቸዋለሁ።

እሳቸው በብርጭቆ፣ እኔ በጣሳ። ልዩነታችን ይኼው ነው። እሳቸው ግን ጠየቁ።

ዓርብ ጥር 16

ለበላይነሽ ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና ሳቋ ገነፈለ።

«እኔ ደግሞ ሌላ ሴት ያዘ ብዬ ነበር! ደብተር ሲደብቅ፣ እህል ሲገፋ!»

ከዚያ ሳቋ ቆመ። «ቆይ። ሳትጠመቂ አላገባሽም ብለህ በነሐሴ ወንዝ ያስገባኸኝ አንተ አይደለህም? ሳምንት ሙሉ ሳልኩኮ። ዳር ቆመህ “ክርኗ አልገባም” ብለህ ያስደገምከኝስ?»

ረስቼው ነበር። እሷ ሃያ ስምንት ዓመት አልረሳችውም።

«ምን ላድርግ?» አልኳት።

«እኔን ትጠይቃለህ? አስተማሪው አንተ።»

እሑድ ጥር 18

ስለ ምስክርነት አስተማርኩ። ድምፄ ሻከረ። ጉንፋን ነው አልኩ። እማማ አበበች ዝንጅብል በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ።

ሐሙስ ጥር 22

ያሬድን ጸሎት ቤቱ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ሲያስጠግን አገኘሁት፤ አናጢው እስኪሄድ ጠበቅሁ። ቆሜ ነገርኩት፤ አንድም ነገር ሳላስቀር።

«ዋናው ልብ…» ብሎ ጀመረና ራሱ አቆመው። «የለም። ልብ ብቻ እንደማይበቃ ከእርስዎ ተምሬያለሁ።» የተመዘገቡትን ስም የያዘውን ደብተር አወጣ። «አሥረኛ አድርጌ ልጻፍዎት?»

«ጻፈኝ።»

ገጹን በጣቱ ወረደበት። «ከትምህርቱ አንድም ቀን አልቀሩም። ደንቡን አሟልተዋል።»

በአራት ዓመት ውስጥ በቀልዱ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነው። በር ላይ ስደርስ «ለነሱ ግን ራስዎ ይነግሯቸዋል፣ ጋሽ ፍቅሩ» አለኝ። ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነው። የሚያጠልቀኝ እሱ ነው። የሚገርመው፣ ከጸሎት ቤቱ ስወጣ መንገዱን የሄድኩት እየሮጥኩ ነው ማለት ይቻላል።

እሑድ ጥር 25

ነገርኳቸው። በርሜሉን፣ ጣሳውን፣ ወንፊቱን። የወንፊቱ ጊዜ አንድ ሰው ሳቀ፤ ደግ አደረገ። ከዚያ ወደ እማማ አበበች ዞርኩ።

«ያልኩዎት ጸጥታ የለም። ፈጥሬ ነው የነገርኩዎት።»

«ውስጡን አላዩትም?»

«አላየሁትም።»

ነጠላቸውን አጣፉ፤ ፈቱ፤ ደግመው አጣፉ።

«ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳፋ ውስጥ ፊቴን እየደፋሁ ስለማመድ ሰነበትኩ» አሉ። «ያንን ቃልዎን ይዤ። እስከ አፍንጫዬ ደርሼ ነበር።»

ጠመኔውን ሰሌዳው ሥር አስቀመጥኩ።

«ልጄ» አሉኝ፤ ጌታዬ ማለታቸውን ትተው። «እንግዲያው አንተ ቅደም። ግባ፤ ውጣ፤ ያየኸውን እንዳየኸው ንገረኝ። ያን ጊዜ እገባ እንደሆነ ወይም ቤቴ እሄድ እንደሆነ እወስናለሁ።»

ሐሙስ የካቲት 6

ቦዩ ተሰብሯል። የመስኖ ተራ የሚያከፋፍለው የውሃ አባት ተራውን ለታችኞቹ ገበሬዎች ሰጥቷል። ኩሬውን ለካሁ፦ ሰማንያ አንድ ሳንቲሜትር። ለኔ ከወገብ በታች ነው። አብዱልሐሊም «አብሽር! ረመዳን ሳይገባ ትጠልቃለህ» ይላል። ያሬድን ሊያግዙ ከደሴ ሊመጡ የነበሩት አገልጋይ መንገዱ ስለተዘጋ ቀሩ። ያሬድ ብቻውን ነው። ያሬድ አጭር ነው። እኔ ሜትር ከሰማንያ ስድስት።

ሌላ በርሜል! እንዲህ ያለ ነገር እኔን ብቻ ነው እንዴ የሚፈልገው? በልቤ ግን ፍርሃት የለም። ማታ ማታ ቀኑን እየቆጠርኩ ነው፣ እንደ ሕፃን ለበዓል።

እሑድ የካቲት 9

ከማለዳው አንድ ሰዓት ተኩል። አየሩ ጥርት ያለ ነበር፤ ውሃው ግን ሌሊቱን ያደረበትን ብርድ አልለቀቀም። አብዱልሐሊም ፕላስቲኩ እንዳያንሸራትተን ጠርዙ ላይ የጆንያ መረገጫ ዘርግቶልናል፤ እሱ ማንጎው ሥር ቁጭ ብሏል። በላይነሽ ፎጣ ይዛለች፤ ፊቷ ላይ ሃያ ስምንት ዓመት የጠበቀ ደስታ አለ።

ቀድሜ ወረድኩ። ያሬድ «ጋሽ ፍቅሩ፣ ኢየሱስ ክርስቶስን አምነሃል?» ሲል ጠየቀኝ። አንተ አለኝ። ልክ ነው፤ እዚያ ውስጥ ጋሼነት የለም። «አምኛለሁ» አልኩ። በገዛ አፌ፤ በሃምሳ ስድስት ዓመቴ። ጉልበቴን አጠፍኩ፤ ወደ ኋላ አስተኛኝ፤ አነሣኝ። ዘመሩ። እጄን ወደ ላይ ዘረጋሁ።

«ግንባሩ አልገባም!»

እማማ አበበች ናቸው። ጠርዙ ላይ ቆመው ጣታቸውን ቀስረውብኛል። «አይቻለሁ! ግንባሩ ደረቅ ነው! አንድ ብርጭቆ አይበቃም ያለን እሱ አይደለም?»

መዝሙሩ ተቋረጠ። ግንባሬን ነካሁት። ደረቅ ነው።

«ድገመው!» አለ አብዱልሐሊም ከማንጎው ሥር።

«አስደግመው!» አለች በላይነሽ። «ክርኑንም እይ!»

ያሬድ ሳቁን ውጦ፣ በሁለት እጁ ደረቴን ይዞ፣ በሙሉ ክብደቱ ተጭኖ ቀበረኝ። ቃሉን ሆን ብዬ ነው የጻፍኩት። ጀርባዬ የኩሬውን ወለል ነካ። ከላዬ ሰማይ አልነበረም።

ስወጣ አፍንጫዬ ውሃ ሞልቶ፣ እያሳለኝ፣ እየሳቅሁ፣ ይመስለኛል እያለቀስኩ ነበር። እማማ አበበች አላዘኑልኝም። ጎንበስ ብለው ፊቴን አዩት።

«እህስ? ምን ይመስላል?»

«ይበርዳል» አልኳቸው። «ጸጥ አይልም። ጆሮ ውስጥ ይጮኻል፤ የልብ ምት ነው መሰለኝ። ያስፈራል። ግን አጭር ነው። ከመጨነቅዎ በፊት ያልቃል።»

«ይህ እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

ጫማቸውን አወለቁ። ጆንያው ላይ አንድ እግር፤ ቆሙ። ሌላው እግር፤ ቆሙ። እጄን ዘረጋሁላቸው፤ ጥፍራቸው መዳፌ ውስጥ ገባ። ከንፈራቸው የወንድማቸውን ስም ሲጠራ ሰማሁ። ያሬድ ጠየቃቸው፤ «አምኛለሁ» አሉ፤ እስከ ማሳው ጫፍ በሚሰማ ድምፅ። እሱ በአንድ ወገን፣ እኔ በሌላው ወገን ይዘን አስተኛናቸው። ግንባራቸው ገባ፤ ጸጉራቸው ገባ፤ ክርናቸው ገባ። እኔ አይቻለሁ፤ አንድም ደረቅ ቦታ አልቀረም።

ሲነሡ ዓይናቸው ፍጥጥ ብሎ ተገልጧል። ውሃው ከፊታቸው ሲወርድ አልጠረጉትም። ዞረው ትከሻዬን በጡጫ መቱኝ።

«ውሸታም!» አሉኝ። «ጸጥ ይላልኮ!»